ሚላ

ስሜን ስናገር፣ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ወደ ታች ነው።
በኦሮምኛ «ሚላ» እግር ነው፤ ጅማ ላይ ይህን የማያውቅ ማነው?
ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ስሜ በተጠራ ቁጥር
«እግር መጣች!» የሚል ጩኸት፣ የአግዳሚ ወንበር ግርግር።
መምህር ገመዳ እንኳ፣ ጠመኔውን አስቀምጦ፣
«ማነው ያወጣልሽ?» አለኝ አንድ ቀን፣ ሳቁን ውጦ።

አባቴ ነው።
ተማም፣ ከአዌቱ ማዶ በርጩማ የሚጠርበው፣
ካንድ ጉማጅ ሦስት እግር፣ ያለ ሚስማር የሚያበቅለው።

እኔ ሳልወለድ፣ ጊቤ ቁልቁለት ላይ፣ ግንድ የጫነ መኪና ከዳው፤
እንጨት ቂሙን ተወጣበት፣ ቀኝ እግሩን እንደ ሸንበቆ ሰበረው።
ጅማ ሆስፒታል አስገቡት። «ይቆረጥ» አለ የመጣ የሄደው።
«እስከ ሐሙስ ይቆይ» ያለች አንዲት ሴት ናት፤ ቀጭን፣ አጭር፣
መነጽሯን በክር ያሰረች፣ ከሩስያ የመጣች ዶክተር።

ሙሉ ስሟ ሉድሚላ ነው። አስታማሚ ሁሉ ይሰናከላል፤
አንዱ «ሉዲ»፣ አንዱ «ሉል»፣ ዘበኛው ጭራሽ «ሎሚ» ይላል።
ቢቸግራት፣ አልጋው አጠገብ ቆመች፣ እጇን ከደረቷ አኖረች፤
ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚነገር፣ «ሚላ» አለች።
አባቴም፣ ቋንቋችንን ለመደች ብሎ፣ እንባው ባይኑ ሞልቶ፣
«አዎን፣ እሱ ነው የሚያመኝ» አላት፣ ወደ እግሩ አመልክቶ።

ሐሙስ አለፈ። እግሩ ሞቀ። ጣቱ ተንቀሳቀሰ።
አስተርጓሚው ልጅ፣ ኪየቭ ተምሮ የተመለሰ፣
ነገሩን ሲሰማ ግድግዳ ይዞ ሳቀ፤
ሳቁ ሲበርድለት፣ ስሙን እንደ በቆሎ ራስ ፈለቀቀ።
«ሉድ» ሰው ነው፣ ሕዝብ ነው፤ «ሚላ» የተወደደች፤
ሁለቱ ሲጋጠሙ፣ ሰው ሁሉ የወደዳት ሆነች።
የቆየ የስላቭ ስም ነው አለ፤ ከቀዩ ባንዲራ በፊት የነበረ፣
ባንዲራው ቢወርድም የማይወርድ። (ይህን በሹክሹክታ ጨመረ።)
«እኛ ስንወድ» አለ፣ «‹ዬ› ቀጥለን ስም እናስረዝማለን፤
ፍቅሩ ከባሰም ‹እናቴ፣ አባቴ› ብለን እንደርባለን።
እነሱ ግን ሲወዱ ይቆርጣሉ። ወዳጅ ቁራሹን ነው የሚጠራው፤
ሙሉው ለመዝገብ ነው፣ ለአለቃ፣ ከሩቅ ለሚፈራው።»

አባቴ ይህን ነገር፣ መላጊያው ሲንፏቀቅ፣ ስንት ጊዜ አወራኝ፦
«ስሟን ቆርጣ ሰጠችኝ፤ እግሬን ሳትቆርጥ አቆመችኝ።»

እናቴ ሩቂያ ተቆጥታ ነበር፤
«ለሴት ልጅ እግር?» ብላ ሰባት ቀን ዘጋችው።
በስምንተኛው፣ ጡት እያጠባች፣ ማንም የሌለ መስሏት፣ ስሙን ጠራችው።

ዶክተሯ ሄደች። በስንት ዓመት፣ በየት በኩል፣ አላውቅም።
ደብዳቤ አልመጣም። አባቴም አልጻፈ፤ መጻፍ አይችልም።
ለሷ የጠረበው በርጩማ ዛሬም ከጓዳ አለ፤
ሻንጣዋ አልበቃው ብሎ፣ ወይ ሳይደርስላት፣
አንድ ቀን እንዲያ፣ አንድ ቀን እንዲህ እያለ።

አሁን አርጅቷል። የሐምሌ ዝናብ ጅማን ሲያርሳት፣
የድሮው ስብራት ይነሳበታል፣ ከሌሊቱ ስምንት፣ ዘጠኝ ሰዓት።
ከእንቅልፉ ሳይነቃ «ሚላ ኮ» ይላል፤ «ኮ» የኔ ማለት ነው።
እግሬን? ልጄን? ያችን ባለ መነጽር? ከሦስቱ ማንን ነው?

አልጠይቀውም።
ቅቤ አሞቅና፣ የስልኬን መብራት ይዤ እገባለሁ፤
ቀኝ እግሩን ከብርድ ልብሱ አወጣና
«አቤት» እላለሁ።